ሦስት ቁጥር፣ አለህ ወይ?

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ሰርግ በበዛበት ሰሞን ነው። እስካሁን በኬክ ቤት በር ሳልፍ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ያየኝ ሰው ምን ነካው እንዳይል ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የምሠራው መካኒሳ፣ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ነው። ሙያውን በራሴ ስለተማርኩ ገና ቋሚ አልሆንኩም ነበር። ጀሞ ኬክ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች እኛ በሠራንላቸው ድረገጽ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ያን ሰሞን ግን አንዳንዱ ትእዛዝ ይጠፋ ጀመር። አንዲት ሙሽራ ኬኳን ልትወስድ መጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

እትዬ ዘነበች ዓርብ ጠዋት ደወሉ። «ዛሬ ካልተስተካከለ እንደ ድሮዬ ትእዛዝ በስልክ እቀበላለሁ።»

አለቃዬ ብሩክ ወደ እኔ ዞረ። «በል፣ ይህን ካገኘህ ቋሚ ነህ።»

ድረገጹ ሦስት ሰርቨሮች፣ ማለትም ትእዛዙን የሚቀበሉ ኮምፒውተሮች አሉት። ከፊታቸው ደንበኛውን የሚያከፋፍል ፕሮግራም ቆሟል፤ ልክ እንደ ጀሞ ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ምርጫህን ሳይጠይቅ ተራው የደረሰው ላይ ይጭንሃል። ስለዚህ ስንሞክር አንዴ ይደርሳል፣ አንዴ ይጠፋል፤ የትኛው ላይ እንደተሳፈርን አናውቅም።

እኔ የጠረጠርኩት አዲሱን፣ ሦስተኛውን ነው። ተራ አስከባሪውን አልፌ፣ በላፕቶፔ ላይ የድረገጹን ስም በቀጥታ ከሦስተኛው ሰርቨር አድራሻ ጋር አገናኘሁት። ከዚያ ኬክ አዘዝኩ። አንድም ቦታ ባዶ አልተውኩም፤ ኬኩ የሚደርስበት አድራሻ ላይ ቢሯችንን ሞላሁ። «ኬኩ ላይ የሚጻፍ» በሚለው ቦታ፣ በኋላ እንድለየው ብዬ «ሦስት ቁጥር፣ አለህ ወይ?» ብዬ ጻፍኩ።

ትእዛዙ ኬክ ቤቱ አልደረሰም፤ ተያዘ! ሰርቨሩ ሲተከል ለልምምድ እንደተዘጋጀ ቀርቷል። ትእዛዝ ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ለኬክ ቤቱ ግን አይናገርም። የጠፉት ትእዛዞች ሁሉ እዚያው ተኝተዋል። አስተካከልኩት፣ የጠፉትን ላክሁ፣ ያንኑ የሙከራ ኬክ ደግሜ አዘዝኩ። «ተልኳል» አለ። ከደስታዬ ብዛት፣ እንደ ልማዳችን ደውዬ «ሙከራ ነው፣ እንዳትጋግሩ» ማለቱን ረሳሁት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ራሳቸው ትልቅ ካርቶን ታቅፈው ገቡ። ሲከፈት ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ። በቸኮሌት፣ ከነጥያቄ ምልክቱ፣ «ሦስት ቁጥር፣ አለህ ወይ?»

«ልደቱ የማን ነው?» አሉ።

«የሰርቨራችን ነው፣ እትዬ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ገና ክርስትና አልተነሳም» አለ ብሩክ።

«ታዲያ ሕፃኑን ምን ታስጨንቁታላችሁ! የጠፉብኝን ሁሉ ዛሬ መልሶልኝ የለ? ብሉ፣ የእኔ ግብዣ ነው።»

ሳቁ ሊያበቃ ሲል ባልደረባችን ሐና ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። «እንዴ፣ ዓርብ እኮ ነው!»

«የጾም ነው» አልኩ ቀስ ብዬ። «እሱንም ሞልቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። ብሩክ «አለህ» የሚለውን ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝና «አለህ፣ ቋሚ ነህ» አለኝ።

ዛሬም ሰርቨሮቹን ስሞክር ያንኑ ጽሑፍ እልካለሁ። አስቀድሜም እደውላለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር «ምናለ ባልደውል!» እላለሁ።