አልላላ ያለው የደም ሥር

በቤተ ሙከራው ሁሉም ሰው "እጀ ወርቅ" ይላት ነበር። በስሟ የሚጠራት ሰው እናቷ ከሞተች ወዲህ የለም። ሥራዋ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ግን ለሌላ አይሰጥም። ጠዋት ከቄራ በበረዶ ሣጥን የመጣውን የበግ ደም ሥር ስቡን ትገፍፈዋለች፣ እንደ ቀለበት ትቆርጠዋለች፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በመሐሉ አሹልካ ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ትሰቅለዋለች። ዶክተሩ አንድ ጠብታ ማኮማተሪያ ሲጨምሩ ሥሩ ይኮማተርና ከሽቦው ጋር የተያያዘው ብዕር ወረቀቱ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ማላያውን፣ ሥሩን የሚያላላውን መድኃኒት፣ ሲጨምሩ ብዕሩ ይወርዳል። የሰው ደም ግፊትም የሚወጣ የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነው ብለዋታል።

ድሮ፣ ገና ጸጉሯ ጥቁር ሳለ፣ "ዶክተር፣ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነው የሚጎትተው?" ብላ ጠይቃቸው ነበር።

"አይገባም። እያንዳንዷ ሕዋስ ደጃፏ ላይ ዘበኛ አላት። መድኃኒቱ ለዘበኛው ይነግረዋል፣ ዘበኛው ወሬውን ወደ ውስጥ ያደርሳል። 'ላላ' የሚለውን ወሬ የሚቀበሉት ዘበኞች ያሉት ግን የሥሩ የውስጥ ገበር ላይ ነው። ገበሩ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ጥፍር ከነካው አለቀ፤ ሥሩ መኮማተር እንጂ መላላት አያውቅም።"

የዚያን ዕለት ጥፍሯን ቆረጠች። ሠላሳ ዓመት አላሳደገችውም።

የቤተ ሙከራው ጸሐፊ "ይኼን ሁሉ ቀለበት ቆርጠሽ ላንቺ አንድ ይጥፋ?" እያለች ስትተርባት፣ "የኔዎቹስ ይላላሉ፤ ያንቺው ነው ጣትሽን ሰንጎ የያዘሽ" ትላታለች። ይሳሳቃሉ። ቤቷ ስትገባ ግን ያለው አንድ ወንበር ነው። ብታመሽ የት ዋልሽ የሚላት የለም። ለዚህ ነው እሑድን የማትወደው።

ዘንድሮ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስቀድሞ ብርጭቆ ላይ፣ ኋላ ሽቦው ላይ። ከዚያ ሥሮቹ አልላላ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ብዕሩ ወጥቶ ቀረ።

አሁን የሚሞከረውን አዲስ ማላያ የቀመሙት ዶክተሩ ራሳቸው ናቸው። በአራተኛው ቀን ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው አዩት።

"አይሠራም። የአራት ዓመት ልፋቴ ነው። ልድፋውና ልረፍ።"

እሷ አውቃለች። ብትናገር ከዚህ ቤት መውጣቷ ነው። ዝም ብትል የሰው ዕድሜ ቧንቧ ውስጥ ሊፈስ ነው።

"አይድፉት ዶክተር። መድኃኒቱ ደህና ነው። ሽቦውን ሳሾልክ እጄ ይስታል። ገበሩን የምፍቀው እኔ ነኝ።"

እጇን አዩት። ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"እጀ ወርቅ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬዎት የት ልዋል?"

ዶክተሩ ወንበር ስበው አስቀመጧትና ሽቦውን እሳቸው አነሱ።

"ቀስ። ግድግዳውን አይንኩ፣ በመሐል በመሐል" አለች። "ኧረ ዶክተር፣ በዚህ እጅ በግ ይታረዳል እንጂ ሥር አይሰቀልም።"

ሳቁ። ሁለቱን አበላሽተው ሦስተኛው ተሰቀለ። የመጀመሪያዋን ጠብታ ጨመሩ፤ ብዕሩ ወጣ። ማላያውን ጨመሩ። ብዕሩ እንደ ማመንታት አለና ቁልቁል ወረደ።

"ላላ" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል።

"እንግዲህ ለመዱት" አለች። ጋውኗን አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

ስትወጣ ገና ፀሐይ ነበር። መንገዱን በዚያ ሰዓት አይታው አታውቅም። ቤቷ ገብታ ተቀመጠችና ጥፍሮቿን አየቻቸው። ከእንግዲህ ቢያድጉም የሚከለክላቸው የለም።