አይጠጣም የተባለው ውሃ

እህቴ ያንን ግንብ መጀመሪያ ያወቀችው አቧራውን በመጥረግ ነው። ኦስሎ፣ ብሪን ሰፈር የምታጸዳው ቢሮ ግድግዳ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ አለት ላይ የተተከለ ግንብ፣ ከጎኑ እንደ ምሰሶ የቆሙ ቀያይ ቋጥኞች። ስንት ዓመት መስታወቱን ስትወለውል ኖራ አንድ ቀን ከቢሮው ሰዎች አንዱን ጠየቀችው። ስፔን ነው አላት፣ ከፒሬኒስ ተራሮች ግርጌ። እሷ ግን ለእኔ ስትነግረኝ “አምባ ነው” አለችኝ። “እንዲህ ያለ አምባ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም።”

ይህን ያለችኝ ሞርተንስሩድ ሰፈር፣ ቤቷ ውስጥ፣ የግራ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ተቀምጣ ነው። እንደዚያ መቀመጥ ከጀመረች ሰንብታለች። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት፣ ተመርምራ፣ ካንሰር ነው ተብላ፣ ለቀዶ ጥገና ቀን ተቆርጦላት ነበር። ቀኑ ሲደርስ ጉንፋን ይዞኛል ብላ አስተላለፈችው። ጉንፋን አልያዛትም። እኔ ትሮስተሩድ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ንፍጥ ስጠርግ የምውል ሰው ጉንፋንና ፍርሃት አይምታቱብኝም።

“እሺ እትዬ፣ ምን ቢደረግልሽ ትገቢያለሽ?” አልኳት ተናድጄ።

“ያንን አምባ ልየው። ከዚያ እገባለሁ።”

እኔ ምን ዓይነት እብደት ነው ብዬ ነበር። ልጇ ግን እንደ እኔ አላሰበችም። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት፤ ስልኳን አወጣችና ለሦስታችን ትኬት ቆረጠች። አዲሱ ቀጠሮ የተያዘው ከጉዞው መልስ በሳምንቱ ነበር።

ስፔን ስንደርስ መኪና ተከራየን። ልጅቷ ትነዳለች፣ እኔ መንገድ እመራለሁ፣ እህቴ ከኋላ ሆና ሁለታችንንም ታርማለች። ስንዴው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ሜዳው ቢጫ፣ ሙቀቱ የሚያፍን። ከዚያ ከአንዱ መታጠፊያ በኋላ ቋጥኞቹ ድንገት ፊታችን ቆሙ። ቀይ ናቸው፣ አናታቸው የዱባ ጀርባ ይመስላል፤ ጠጠርና ጭቃ አብሮ ተቦክቶ የደረቀ ነው የሚመስለው። ከስራቸው አንዲት ትንሽ መንደር ተለጥፋለች። ከላያቸው ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይዞራሉ።

“ጥንብ አንሳ ናቸው” አለች እህቴ ከኋላ። “ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው።”

ማናችንም አልሳቅንም። ልጅቷ መሪውን ጨብጣ ከንፈሯን ነከሰች።

ወደ ግንቡ የሚወስደው ዳገት ለጤነኛም ያስቸግራል። እህቴ በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች፤ ስንጠጋት “አገሩን እያየሁ ነው” ትለናለች። ላቧ ግን በግንባሯ ይወርዳል። እንደምንም ገባን። ውስጡ ጠባብ ደረጃ፣ የጨለመ ጓዳ፣ እንደገና ደረጃ ነው፤ ከዚያ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤተ ክርስቲያን ወለል አለ። ያለችው አልቀረም። አየሽ በሚል ዓይን ገልመጥ አድርጋኝ የበሩን መቃን ተሳለመች። ከኋላዋ የቆሙት ጎብኚዎች የምትሳለመው ምን እንደሆነ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

ግድግዳው ላይ ቀስት ይወረወርባት የነበረች ጠባብ ቀዳዳ አለች። እህቴ ዓይኗን አስጠግታ ሜዳውን ስታይ ቆየች።

“እነዚህ ጠላታቸውን ከሩቅ ያዩት ነበር” አለች። “የእኔ ውስጤ ገብቶ ተቀምጧል። ግንብ ምን ያደርግልኛል?”

እጇን ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

“እናታችን ሐኪም ቤት በእግሯ ነው የገባችው” አለች። “በሳጥን ነው የወጣችው። አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺም።”

“አስታውሳለሁ” አልኳት። በሕይወታችን ስለዚያ ቀን ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር፤ ቀጥሎም አላወራንም።

ከግንቡ ወርደን ወደ ቀያዮቹ ቋጥኞች ሄድን። ከአንዱ ስር በሯ የተቆለፈ ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። ከጎኗ፣ ከአለቱ ስንጥቅ ቀጭን ውሃ እየወረደ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። እህቴ ውሃውን አየችና ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ያን ጊዜ ገባኝ። ጠዋት ቁርስ ስንላት አልራበኝም ያለችው ለካ አስባበት ነው። አለት፣ ጸሎት ቤት፣ ከስሩ የሚፈልቅ ውሃ፤ እኛ ዘንድ የዚህ ስሙ ጸበል ነው፣ ጸበል ደግሞ በባዶ ሆድና በባዶ እግር ነው።

ከገንዳው በላይ ጽሑፍ ተለጥፏል። ልጅቷ በስልኳ አስተረጎመችውና ጮኸች።

“ነይ! ማማ፣ ነይ! ኢከ ድሪክ! አይጠጣም ይላል!”

እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ። በኖርዌይኛ “ነይ” ማለት አይሆንም ማለት ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛቸው መሀል ይሰነቅሩታል። እናትና ልጅ በዚች ቃል ሲነታረኩ የኖሩት ልጅቷ አፍ ከፈታች ጀምሮ ነው። እናት ሾርባሽን ጠጪ ትላለች፣ ልጅ “ነይ!” ትላለች፣ እናት ደግሞ አውቃ “እሺ መጣሁ” ብላ ማንኪያውን ይዛ ትጠጋለች።

“ነይ ካልሽኝማ እመጣለሁ” አለች እህቴ፣ እያማተበች። “መጀመሪያ ግን ልጠጣ።”

ጠጣች። ፊቷን፣ አንገቷን፣ እጇን በሸሚዟ ስር አስገብታ ጡቷን አጠበች። ከዚያ የፕላስቲክ ጠርሙሷን ሞላች። እንዲያ ዘና ብላ ካየኋት ወራት አልፈዋል፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ፍርሃቴ ልክ ነበር። ሆቴል ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ “ቀለል ብሎኛል። እንግዲህ ቢላዋው አያስፈልገኝም” አለች።

“ተስማምተን ነበር!”

“እሱ ከላይ ያለው ከሠራው ሐኪም ምን ይጨምራል?”

ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው። ለቅሶዋ እንዳይሰማ ነው፤ ግን ይሰማል። እኔ ያን ጊዜ ግንቡንም፣ አለቱንም፣ ያን ፎቶ የሰቀለውንም ሰው ጠላሁ።

“ለልጅሽ የምታወርሻት አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው?” አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ንግግሬ ከአፌ ከወጣ በኋላ መልሼ ልውጠው ብመኝም አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠዋት አየር ማረፊያ ስንፈተሽ ጠርሙሱ ከእጅ ቦርሳዋ ወጣ። ሻንጣው ውስጥ እንድታስገባው ለመንገር ማናችንም አላሰብንም፤ ከመኝታ እስከ አየር ማረፊያ ተኳርፈን ነው የሄድነው። ፈታሹ ጺማም ሰውዬ ጠርሙሱን አንስቶ በእጁ ምልክት አሳያት፤ ወይ ጠጪው ወይ ይጣላል። እሷ በዚያን ሰዓት ቡት ጫማዋን አውልቂ ተብላ፣ ካልሲ ስለማትወድ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ቆማለች። ጠርሙሱን አየች። እግሯን አየች። ቁርስ አልበላችም።

አማተበችና መጠጣት ጀመረች። ሰልፉ ቆሞ ይጠብቃል፤ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ነጋዴ ሰዓቱን ያያል። አጋማሽ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

“እህል ቀምሻለሁ” አልኳት። እውነቴን ነው፣ የሆቴሉን ብስኩት በልቼ ነበር።

“አንቺማ መች ሳትቀምሺ ታረፍጃለሽ” አለችና ጨረሰችው። ባዶውን ጠርሙስ ለሰውዬው ሰጠችው። እሱም በአክብሮት ተቀበላት።

ኦስሎ ከገባን በኋላ እገባለሁም አልገባም ሳትል ቀናት አለፉ። ውሃው ሆዷን አላመማትም። ከቀጠሮው በፊት ከሆስፒታል ደወሉላት፤ ስትፈራ ኖርዌይኛው ይጠፋባታልና ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። የተነገረኝን እየተረጎምኩ ነገርኳት፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ የለም፣ ውሃም የለም፣ ጌጥ ይወልቃል፣ ጫማ ይወልቃል።

“ባዶ ሆድ?” አለች።

“ያ” አልኳት፣ አዎ ለማለት።

“ባዶ እግር?”

“ያ፣ እትዬ፣ ባዶ እግር።”

“ታዲያ ምኑ ተለየ” አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። እምነቷ ፈቀደላት ወይስ ፍርሃቷ ደከመው፣ አልጠየቅኋትም። ብጠይቅ ሐሳቧን ትለውጣለች ብዬ ፈራሁ።

በቀኑ አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት የአልጋውን ብረት ይዘን እስከ መጨረሻው በር ተከተልን። ነርሷ ከዚህ አይታለፍም አለችን። ልጅቷ ብረቱን አልለቅ አለች።

“ማማ፣ ነይ” አለች። “ነይ፣ እሺ?”

እህቴ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች። “የቱን ነው? የዚህን አገሩን ነው የእኛን?”

“የአማርኛውን።”

በሩ ተዘጋ። ጫማዋን በፌስታል አድርገው ሰጥተውኛል፤ ሶሉ ላይ ከዚያ አለት ስር የረገጠችው ቀይ አፈር ደርቋል። ጭኔ ላይ አስቀምጬው ተቀመጥኩ። ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። ሁለታችንም እስከ ከሰዓት በኋላ እህል አልቀመስንም።

መጣች። ከነሙሉ አካሏ ባይሆንም፣ መጣች።