ሰገን ስለ ራሷ የጻፈችው ደብዳቤ

ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የስንቱን ማመልከቻ ተይቤአለሁ፤ እንደ ሰገን ረዳኢ ያናደደኝ ባለጉዳይ ግን የለም።

ሰገን የቂርቆስ ልጅ ናት፣ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር። በሕግ ሦስተኛ ዲግሪ ለመማር ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ከጀመረች በ2003 ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ሁለት ጊዜ "እናዝናለን" የሚል ኢሜይል መጥቶላታል። ይሄም ካልሆነ በቃኝ ብላለች፤ እሷ ደግሞ በቃኝ ካለች በቃኝ ነው።

የምታጠናው ነገር አንጀት ይበላል። ቤትሽ ይመለስልሽ ተብሎ የተፈረደላት ሴት ከፍርዱ በኋላ በአምስተኛው ዓመትም ለምን መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆማ ትገኛለች? ጥያቄው ይሄ ነው። እኔ ሕግ አላውቅም፤ ይሄ ግን ገብቶኛል።

አንድ ቀን ሪኮመንዴሽን የሚሉትን የድጋፍ ደብዳቤ ልታስተይብ መጣች። የቀድሞ መምህሯ ዶክተር አምኃ "ጻፊና አምጪው፣ እፈርማለሁ" ብለዋታል። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው ጊዜ የለውም፣ ደብዳቤውን ባለጉዳዩ ራሱ ያረቃል። ደፋሩ ሲያረቅ ራሱን ሰማይ ይሰቅላል። ሰገንስ?

"ሰገን ረዳኢ ሥራዋን በሰዓቱ ትጨርሳለች። መጥፎ ጸባይ አላየሁባትም። ዕድሉን ብታገኝ ትሞክራለች።"

"ዘበኛ ልትቀጠሪ ነው እንዴ?" አልኳት።

"እንዴ፣ ጀማነሽ! በሰው ስም ራሴን ላሞግስ? ሰው ምን ይለኛል?"

"የትኛው ሰው? የሚያነቡት እኮ አያውቁሽም!"

"ማለቴ... እኔ አውቃለኋ።"

"ያለፉትንም እንዲህ ነው የጻፍሻቸው?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። በንዴት ጨስኩ።

እሷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ወረቀቱን ይዤ ላንቻ፣ ዶክተር አምኃ የጥብቅና ቢሮ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ የምላቸውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፈቀቅ አለ።

"ይሄን አንብበውታል?" ብዬ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። "የበፊቶቹም እንዲህ ይሉ ነበር?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የፈረሙት?"

ፊታቸው ደም መሰለ። አሳዘኑኝ፤ ግን ወደኋላ አላልኩም። "ተቀመጪ" አሉኝና በሁለት ጣት መተየብ ጀመሩ። ልተይብልዎ ብል እምቢ አሉ፤ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ሲጨርሱ እንዳነበው ሰጡኝ። "ከዚህ በፊት ስለ ሰገን የፈረምኳቸውን ሁለት ደብዳቤዎች አላነበብኳቸውም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ይጀምራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መዝገብ ቤት እየዋለች አራት መቶ የፍርድ አፈጻጸም መዝገብ መመርመሯን ይናገራል። ካስተማርኳቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት ይላል። በዚያው ቀን ራሳቸው ላኩት፤ ለሰገን "ልኬዋለሁ" ብቻ አሏት። እኔም አፌን ያዝኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት፤ በስካይፕ፣ እኔው ቤት። ደንበኞቼን በሙሉ ጸጥ አሰኘሁ። ስለ ጥናቷ ሲጠይቋት እንደ ውሃ ወረደላት። ከዚያ አንዷ ፕሮፌሰር የዶክተር አምኃን ደብዳቤ አንስታ ከላይ እስከ ታች አነበበችላትና "ስለ አንቺ የተባለው ልክ ነው?" አለቻት።

ሰገን ዞራ አየችኝ። እናቷ እትዬ ትበርህ "ልጅሽ ጎበዝ ናት" ሲባሉ "ኧረ ምኗም አይረባ" እያሉ ነው ያሳደጓት። "ኧረ አይደለም" ልትል ከንፈሯ ሲላቀቅ ዓይኔን አፈጠጥኩባት።

"አዎ፣ ልክ ነው" አለች።

ስካይፑ ሲዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። "ምን ነካኝ ጀማነሽ! ሰው ፊት ራሴን አሞገስኩ እኮ!" እኔም ደንበኛ እያየኝ አብሬያት አለቀስኩ።

መቀበሏን የሚነግራት ኢሜይል የመጣው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። እኔ እልል ስል እሷ ቁጭ ብላ አንድ ጊዜ አነበበችው።

"እንደሚቀበሉኝ አውቄ ነበር" አለች።

"ትዕቢተኛ!" አልኳት፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ።