የሁዳዴ ወተት

ባለፈው ሁዳዴ፣ ዓለም ከተማ መናኸሪያ ጎን ካለች ጠባብ ሻይ ቤት ተቀምጬ አውቶቡስ ስጠብቅ ወተት ገነፈለ። ባለቤቷ ለጨቅላ ልጇ ልታሞቅ ከሰል ላይ ጥዳው ኖሮ፣ ደንበኛ ስታስተናግድ ረሳችው። የተቃጠለ ወተት ሽታ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ባንዴ ቤቱን ይሞላዋል። አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ ጋቢውን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገና፣ «ኧረ በሁዳዴ ምድር ምን ታሸቺናለሽ!» አላት። ሴትዮዋ ደነገጠች። ልጅ ያዘለች ሴት፣ ለልጇ ወተት በማሞቋ ይቅርታ ስትጠይቅ በዓይኔ አየሁ። ደሜ ፈላ። «ሕፃን ይጾማል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት፤ ሰውየው አፍጥጦ አየኝ። አውቶቡሱ መጥቶ ከተሳፈርኩ በኋላም ንዴቱ አልለቀቀኝም። አቧራ እየቃምን ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን የማስበው ስለ ሰውየው አልነበረም። የማስበው ስለ እትዬ አረጋሽ ነበር።

እትዬ አረጋሽ፣ መንዝ ውስጥ በተማርኩበት አዳሪ ትምህርት ቤት የምግብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ከዚያ ቤት ጋር እስካሁን አልታረቅኩም። ከጓሳ የሚነሳው ጉም ጠዋት ጠዋት የመመገቢያ አዳራሹን መስኮቶች አልፎ ይገባና ከሽሮው እንፋሎት ጋር ይደባለቃል። መስታወታቸው የረገፈ መስኮቶችን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነናቸው ነበር፤ ነፋሱ ግን ለከረጢት ደንታ አልነበረውም። ጣሪያው ላይ ያደረው ውርጭ ፀሐይ ሲነካው እየቀለጠ በቆርቆሮው ቀዳዳ ማጅራታችን ላይ ጠብ ይላል። ከየቤታችን ባመጣነው የበግ ፀጉር ባና ተጀቡነን፣ የብረት ትሪያችንን በብብታችን ሸጉጠን እንሰለፋለን። እትዬ አረጋሽ ከማደያው መስኮት ጀርባ ጭልፋቸውን ይዘው ይቆማሉ። የወንድ ካፖርት ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ አጣፍተው፣ እግራቸውን ጥቁር ቦቲ ውስጥ ከተው። ነጭ ሽንኩርትና የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸቱ ነበር።

ቁጡ ነበሩ። እንዲያው ለወጉ «ቁጡ ግን ደግ» ልል ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን እንዲህ ያለውን ማቆላመጥ አይወዱም። ሰልፍ የሚያቋርጠውን ጎረምሳ በጭልፋው እጀታ ራሱን ያቀምሱታል። እንጀራ ቆርሶ የጣለውን ልጅ ስሙን ጠርተው አዳራሹ እስኪሰማ ያሳፍሩታል። አንድ ጊዜ ነጋዴው አፈር የተቀላቀለበት ምስር አመጣ። እትዬ አረጋሽ ጆንያውን በጣታቸው ቀደዱና ሰፌድ ላይ ዘረገፉለት። «ና ቁጭ በል። ልጆቼ ጥርሳቸውን የሚሰብሩበትን ድንጋይ አንተው ራስህ ትለቅማለህ» አሉት። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ያን የሚያህል ነጋዴ፣ ኮቱን አውልቆ ከወጥ ቤቶቹ መሀል ዱካ ላይ ተቀምጦ ምስር ሲለቅም እኛ በመስኮት እየተጋፋን አየነው። ከዚያ ወዲያ ለትምህርት ቤታችን የሚመጣው ምስር ንጹሕ ሆነ።

በጾም ነገር የሚወዳደራቸው አልነበረም። ትውልዳቸው ራቤል ነው፤ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ይውላሉ። ቀኑን ሙሉ ወጥ እያማሰሉ፣ ጨው በዛ አነሰ የሚለውን ለወጥ ቤቶቹ እያስቀመሱ፣ እሳቸው ውኃ እንኳ አይጎነጩም። ቅበላ ባለፈ ማግስት ሥጋና ቅቤ የነካውን ድስት ሁሉ በአመድ አሳሽተው፣ ደፍተው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሰቅሉታል። እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። እኛም ልጆቹ፣ ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ የምንጾም ስለሆንን፣ የተደፉትን ድስቶች ስናይ ጾም እንደገባ በሆዳችን እናውቀዋለን።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሁዳዴ ሊገባ አካባቢ ታይፎይድ ጣለኝ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ አጥንትና ቆዳ ሆኜ ነበር፤ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እይዛለሁ። ጤና ጣቢያ የወሰዱኝ እትዬ አረጋሽ ናቸው። ሐኪሙ ክንዴን በሁለት ጣቱ ይዞ ተመለከተና፣ «ወተትና እንቁላል ታገኛለች? ካላገኘች እዚህ ብርድ ላይ አታቆዩአት፤ ወደ ቤተሰቦቿ ትሂድ» አለ።

ወደ ቤተሰቦቼ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ከእኔ በፊት ታላቅ እህቴ ታማ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። ስትድን አባቴ፣ «እንግዲህ ዓመቱ አመለጠሽ» አላት፤ ለሚቀጥለው ጥር ዳሯት። እኔንም የሚጠይቅ ሰው እንደነበር እናቴ ሹክ ብላኛለች። ከጤና ጣቢያው ስንመለስ መንገድ ላይ አለቀስኩ።

«እትዬ፣ አይላኩኝ» አልኳቸው።

«ማን ይልክሻል፣ ትርንጎ? ንፍጥሽን ጥረጊ» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከላይኛው መደርደሪያ ትንሿን ድስት አወረዱ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ላም ካላቸው ከወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት በጆግ ወተት ያመጣሉ፤ ከትልልቆቹ ድስቶች ርቀው፣ ጥግ ላይ በተለየ ምድጃ ያፈሉታል። እቃዋን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ማንንም አያስነኩም። እኔን የወጥ ቤቱ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው እስክጨርስ ይጠብቃሉ። ከቁርስ በፊት ሆኖ ሌሎቹ ልጆች ስላልገቡ ብዙ ሰው አያየንም። ወጥ ሠሪዋ አስካለ ግን ታያለች። አስካለ በእኔ አቅጣጫ ስታልፍ ነጠላዋን ትሰበስብ ነበር። አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ ያ አሰባሰቧ ግን ከስድብ በላይ ያቃጥላል።

ሁዳዴ ሊጋመስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጠዋት፣ እትዬ አረጋሽ ከእንጨት አቅራቢ ጋር ግቢ ውስጥ ሲነታረኩ ዘገዩ። እኔ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ወተቱ ገነፈለ። ብድግ ብዬ ሳወርደው ግማሹ እሳቱ ላይ ፈስሷል፤ ሽታው በማደያው መስኮት ወጥቶ አዳራሹን ሞልቶታል። ልጆቹ ለቁርስ ተሰልፈው ነበር። መጀመሪያ ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቀጥሎ አንዱ ትልቅ ልጅ፣ «አስፈሰኩን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ትሪውን በማንኪያ መታ። ወዲያው አዳራሹ በትሪ ድምፅ ተናወጠ። «ድስቱ ተነካክቷል!» «ሽሮውም ወተት ነክቶታል!» ይላሉ። አስካለ ሽርጧን ፈትታ መሬት ላይ ወረወረች። «ያየሁትን አይቻለሁ። በዚህ እጄ ከእንግዲህ እዚህ አልሠራም» አለች፤ ይህን ያለችው ጮክ ብላ፣ ልጆቹ እንዲሰሟት ነው።

ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። ከነጭ ሸሚዙ ላይ ከረባት የማይለየው፣ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» የሚል ሰው ነበር።

«ወይዘሮ አረጋሽ፣ የልጅቷ የንስሐ አባት ፈቅደዋል?» አላቸው በልጆቹ ሁሉ ፊት።

እትዬ አረጋሽ ጫጫታውን ሰምተው ከግቢው ገብተው፣ ከማደያው መስኮት ጀርባ ቆመው ነበር። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

«የታመመ ልጅ ለማብላት ምስክር አልጠራም» አሉ። «አንተም ልትጠይቀኝ አይገባህም።»

«እንግዲያው ልጆቹን ይቅርታ ይጠይቁ። ልጅቷም ለጊዜው ወደ ቤተሰቦቿ ትሂድ።»

«ልጅቷ የትም አትሄድም። ሰው ካልሄደ ነገሩ አይበርድም ካልክ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

እሱም እሺ አለ። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ «ይቆዩ፣ እንነጋገር» አላለም። እሺ ሲል ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር። አስካለ ሽርጧን ከመሬት አነሳች፤ ትልቁን ድስት በአመድ አሸት አሸት አደረገችና ሽሮ አወጣች። ልጆቹም በሉ። ያ ሁሉ ትሪ የመታ ልጅ፣ እትዬ አረጋሽ በሌሉበት መስኮት ፊት ተሰልፎ ተቀብሎ በላ።

በዚያው ቀን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንዲት ሻንጣና የተጠቀለለ ባና ይዘው ወደ ራቤል የሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጡ። እኔ በር ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። «ወይዘሮ ጥሩነሽን ነግሬያታለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እቤቷ ሂጂና ጠጪ። ደግሞ እየተሳቀቅሽ እንዳትጠጪ፣ ሆድሽ ውስጥ አይረጋም» አሉኝ። ተቆጥተው ነው የተለዩኝ፤ ሌላ ነገር አላሉኝም።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር እየሄድኩ ጠጣሁ። እሳቸው ወሬ የሚወዱ፣ ምስኪን ሴት ናቸው። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ሌላ ጆግ ሞልተው ሲከድኑ የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የዳይሬክተራችሁ ነዋ። ጨጓራውን ያመው የለ? ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በየጠዋቱ እወስድለታለሁ። አረጋሽ እኮ ታውቃለች፤ በር ላይ እንገናኝ አልነበር?» አሉኝ።

ኩባያው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያ ሰው፣ ያን ዕለት ጠዋት ወተቱን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ ከረባቱን አስተካክሎ ነው መጥቶ «የንስሐ አባት ፈቅደዋል?» ያለው። እሳቸውም ያውቁ ነበር። አፋቸውን ቢከፍቱ ኖሮ አዳራሹ በእሱ ላይ ይዞር ነበር።

ይህም አልበቃም። ለደብረ ዘይት ሰሞን የአካባቢው አጥቢያ አባት፣ አባ ኃይሌ፣ ለተማሪዎቹ ሊያስተምሩ መጡ። የእኔም የእትዬ አረጋሽም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ አንዱ ልጅ ተነስቶ፣ በሁዳዴ ወተት ያጠጣ ሰው ምን ቀኖና እንደሚሰጠው ጠየቀ። አባ ኃይሌ ግራ ገባቸው። «የቷን ልጅ ነው? ትርንጎን? እኔ ፈትቻት የለም እንዴ? አረጋሽ ያን ዳገት በጉም እየተደናበረች መጥታ፣ ስትፈቅድላት ካልሰማሁ ድስት አላወርድም ብላኝ፣ ፈቅጄላት ነው የሄደችው» አሉ።

ዳይሬክተሩ የፊት ወንበር ላይ ነበር። ሁሉም ሰው አየው። ብድግ አለና፣ «አባታችን እናመሰግናለን፤ ነገሩ እንግዲህ አልፏል» አለ።

አልፏል! እሳቸውን የሚጠራ ሰው አልላከም። አስካለም የኃላፊነቱን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ቀረች። በሚቀጥለው ሁዳዴ ስምንተኛ ክፍል የነበረ የመርሐቤቴ ልጅ ታመመ፤ ወተት የሚያፈላለት አልተገኘም፣ ወደ አገሩ ላኩት። አልተመለሰም። እኔ ቀረሁ፣ ተማርኩ፣ ጨረስኩ። ይህን ለማንም ስናገር «ዕድለኛ ነሽ» ይሉኛል። ዕድል አይደለም። አንዲት ሴት በእኔ ቦታ አይሱዙ ላይ ስለወጣች ነው።

እሳቸው ላይም እናደዳለሁ። ለብዙ ዓመት ይህን ለመናገር አፍሬ ነበር፤ ዛሬ አላፍርም። ፈቃዱ በእጃቸው ነበር፤ የዳይሬክተሩንም ገመና ያውቁ ነበር፤ አንዱን ቢናገሩ ኖሮ እዚያው መስኮት ላይ ይቀሩ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄውን ናቁት። ኩራታቸው ገባኝ፤ ጥያቄው እውነትም ይናቃል። ግን ዝም ሲሉ የተጎዳነው እኛ ነን። ያ የመርሐቤቴ ልጅ ነው።

ይህን ፊት ለፊት ልነግራቸው ራቤል ድረስ ሄጄ ነበር፤ ዘገየሁ። የወንድማቸው ልጅ ከበራፉ ላይ ቆሞ፣ አክስቱ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው እንደሆነ ነገረኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ ምን ይሉ እንደነበር ጠየቅሁት። «ምንም። ተናግረውም አያውቁ» አለኝ። መልሱ ራሱ አናደደኝ፤ ተመልሼ መንገድ ላይ ብቻዬን አለቀስኩ።

እኔ አሁን የሆስፒታል ምግብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በእሳቸው ምክንያት መረጥኩት ብል ውሸት ነው፤ ክፍት ቦታ ወጣ፣ ተወዳደርኩ፣ ገባሁ። ሁዳዴ ሲመጣ ግን እሳቸው ያላደረጉትን አደርጋለሁ። እንቁላልና ወተት የታዘዘለት በሽተኛ ሳገኝ የንስሐ አባቱን ስልክ እጠይቃለሁ። የምደውለው ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ አይደለም። ኮሪደሩ መሀል ቆሜ፣ ወጥ ቤቶቹ ጭልፋቸውን እንደያዙ፣ አስታማሚዎች እንደተሰበሰቡ፣ በሽተኛውም አልጋው ላይ ሆኖ እንዲሰማ በሩን ከፍቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሆዳቸውን የተቀደዱ አንድ የጊሼ አዛውንት ነበሩ። እንቁላሉን ሰሃን ላይ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አዲሷ ወጥ ቤት ወደኋላ አለች። አስታማሚዎቹ ተንሾካሾኩ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፣ ላውድስፒከሩን ከፈትኩ፣ ስልኩንም ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ከወዲያ በኩል አንድ ሽማግሌ ቄስ በደከመ ድምፅ፣ ይብሉ፣ ፈትቻቸዋለሁ፣ አሉ።

«አባታችን፣ አልተሰማም፤ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።