በሽምግልና መሃል የተገለበጠው ኪስ

መምህር ሆኜ አምቦ በተመደብኩባቸው ዓመታት፣ ከሚሊኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ የአሮጌ ልብስ ሱስ ያዘኝ። ባልደረቦቼ ደመወዝ ሲወጣ አዲስ ሸሚዝ ሲገዙ፣ እኔ ሳልባጅ ተራ ቆሜ ቦንዳ እስኪፈታ እጠብቅ ነበር። የምፈልገው ርካሹን ሳይሆን ያረጀውን ነው። ዚፑ ብረት ከሆነ፣ የቁልፉ ቀዳዳ በእጅ ከተዘመዘመ፣ ገበሩ ሲነካ ከቀዘቀዘ፣ «ይሄስ ከእኔ ይበልጣል» እያልኩ ዕድሜውን እገምታለሁ። የሚያርመኝ ሰው ስላልነበረ ተሳስቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አዲስ ዓለም ገበያ ላይ ቡናማ የሱፍ ኮት አገኘሁ። ኮሌታው ሰፊ፣ ትከሻው ቀጥ ያለ። የግራ ኪሱን ስገለብጠው ገበሩ ላይ ግማሹ የለቀቀ ሰማያዊ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አየሁ። ሻጯ ከየት እንደመጣ አታውቅም። እኔ ግን እዚያው ወሰንኩ፤ የለንደን ሥራ ነው፣ ጽሑፉም የልብስ ስፌት ቤቱ ስም ነው። አምቦ ስመለስ ለመምህራኑ ሁሉ ይህንኑ አስረዳሁ። ከሁሉም በላይ ያመነኝ አብሮኝ አንድ ግቢ የተከራየው ነርሱ ጓደኛዬ ነበር።

ይህ ጓደኛዬ ጊንጪ የምታስተምር አንዲት ልጅ ወዶ ሽማግሌ ሊልክ በተነሳበት ጠዋት፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ታመሙ። ምትክ ጠፋ። ጓደኛዬ ከላይ እስከ ታች አየኝና ኮቱን ስለብስ ዐሥር ዓመት እንደምጨምር ነገረኝ። በሃያ ሰባት ዓመቴ ሽማግሌ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ጊንጪ የሚኖሩት የልጅቱ አባት ዕድሜያቸውን በስፌት መኪና ላይ የፈጁ ሰው መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም። ትልቁ ሽማግሌ አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ የመጣንበትን ጉዳይ ሲያሳምሩ፣ አባትየው የሚያዩት ትከሻዬን ነበር። ስለ ልጁ ጠባይ ሳይጠይቁ፣ ስለ ዘሩ ሳይጠይቁ፣ እንድነሳና እንድዞር አዘዙኝ። ዞርኩ። ኮቱን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ ስለ ለንደን ማብራራት ጀመርኩ። የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ግራ ኪሱን ገልብጠው። የዱቄት ከረጢት ነው፤ ገበር አልቆብኝ ያደረግኩት።»

ገለበጥኩት። እውነትም የዕርዳታ ዱቄት ከረጢት ነበር።

«ኩን ከን ኮ ቲ» አሉ አባትየው፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «የኔ ነው። ለሰርጌ ራሴ የሰፋሁት ኮት ነው። ካቺሲ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሌባ ወስዶት ጠበቀኝ።»

ይህን ሲሉ ባለቤታቸው ሳህን ይዘው ከጓዳ ብቅ ብለው ነበር። ከባላቸው ጀርባ እንደቆሙ ዐይናቸውን አፈጠጡብኝና ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙ። ከዚያም በጓዳው በር በኩል ግድግዳ የተደገፈውን ትልቅ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ አየት አደረጉ። በየሰፈሩ «ልዋጭ!» እያሉ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጡትን ነጋዴዎች አስታወስኩ። ሌባ የሚባል ነገር አልነበረም። ሴትየዋ ባላቸው ለቅሶ በሄዱበት የሰርግ ኮታቸውን በሳፋ ለውጠውታል።

አባትየው የሸጠልኝን ሰው መልክ እንድነግራቸው ጠየቁ። ሽማግሌ ሆኖ መዋሸት እንደማይገባ ዐውቃለሁ፤ ግን ሽማግሌ ከሆንኩ ገና ግማሽ ቀኔ ነበር። ሰውየው ረጅም፣ ዐይኑ አንድ ቦታ የማያርፍ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ እብስ ያለ መሆኑን ተናገርኩ።

«እኔም ያኔ እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ ሲዞር አይቻለሁ» አሉ እናትየው ሳህኑን እያስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም።

ኮቱን አውልቄ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አባትየው ለበሱት፤ ሆዳቸው ላይ ግን አልቆለፍ አለ። መጀመሪያ ተናደዱ፣ ቀጥሎ ሳቁ። ትልቁ ሽማግሌ ጊዜ አላባከኑም፤ የጠፋ ንብረት ይዞ የመጣ ወገን ክፉ ሊሆን እንደማይችል አስረዱ። አባትየው እንደ ወጉ ዘመድ አማክረው መልስ እንዲሰጡ ቀጠሮ ሊይዙ ሲሉ፣ እናትየው ልጁን እንደሚያውቁትና ምክክር እንደማያስፈልገው ተናገሩ። ልጁን አይተውት አያውቁም። እሺታውን በዚያው ቀን ይዘን አምቦ ገባን፤ እኔ በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ።

በሰርጉ ዕለት አባትየው ኮቱን ሳይቆልፉ ለብሰው ጨፈሩ። ከሳምንት በኋላ ሙሽራዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ከእናቷ አደረሰችኝ። ስፈታው ታችው እንደ ቀሚስ የሰፋ ግራጫ ቤልቦተም ሱሪ ነው፤ የአባትየው መሆኑ ግልጽ ነው። መልእክቱም አጭር ነበር፤ ከአምቦ ወደ ጊንጪ በኩል እንዳልለብሰው።

ቃላቸውን ጠብቄ የምለብሰው በሌላው አቅጣጫ ወንጪ ስሄድ ብቻ ነበር። ለመልክ የሚወዳደረው አልነበረም፤ ፈረስ ላይ ስወጣ ግን ሰፊው እግሩ እርካቡ ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል።