መረሬ ላይ የተሠራው ጃኩዚ

ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረ ሰሞን ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ደውሎ፣ «ነይና ቦታ እይልኝ፤ ጓሮ ጃኩዚ ላሠራ ነው» አለኝ። እኔ ያኔ መንገድ ሥራ ላይ የአፈር መሐንዲስ ነበርኩ። እሱ በጭነት መኪና ንግድ ቀንቶት፣ አቃቂ ያለው የወላጆቻችን ግቢ ውስጥ ፎቅ ጨርሷል። እናታችን ከፎቁ ጀርባ፣ አባታችን ምድር ባቡር ሲሠራ ባቆማት የጭቃ ቤት ትኖር ነበር።

የመረጠው ቦታ የእናቴ ግድግዳ ሥር ነው። በጋ ስለነበር መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ሁለት የቀን ሠራተኞች ጉድጓድ እንዲቆፍሩልኝ አደረግኩ። ከሰው ቁመት በላይ ወርደው እንኳ መረሬው፣ ያ ጥቁር አፈር፣ አላለቀም፤ ጠንካራው መሬት የተገኘው ከዚያ በታች ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል» አልኩት። «የተሸከመውንም ይዞ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ገንዳውን ከእማዬ ቤት አርቀው። መረሬውን እስከ ጠንካራው መሬት አስወጣና በገረጋንቲ ጠጠር ሙላው፤ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ። ዙሪያውን ጠጠርና ቱቦ ቅበርና ውሃውን ወደ ቦዩ አውጣ። ደግሞ ጎኑን አፈር ሳታለብሰው ውሃ ሞልተህ ሰንብት፤ የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይታይሃል።»

«እኔ ጃኩዚ ነው ያልኩሽ፣ ግድብ አይደለም» አለኝ።

አብሮት የነበረው ኮንትራክተር ሳቀ። «መረሬውን ትንሽ ገፈፍ አድርገን ድንጋይ እንነጥፍበታለን። እንዲህ አድርገን ስንቱን ሠራን» አለ። ወንድሜ የቤቱ ምርቃት ደርሶበታል፤ ከሁለታችን ምክር የሚያቆየውን ሳይሆን የሚያፋጥነውን ወደደ። ቦታውንም አልቀየረም፤ ፊት ለፊት መኪና ማቆሚያ ነው አለ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ለፍቶ ያገኘው ነው ልጄ፤ ተይው ገላውን ይታጠብበት» አለችኝ።

በምርቃቱ ቀን ጃኩዚው ይጨስ ነበር። ወንድሜና ጓደኞቹ ቢራ ይዘው ውስጡ ተቀምጠዋል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ላይ ሆና መረቀቻቸው። እኔ ምግቤን በልቼ ጊዜ ሳላጠፋ ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው መጉደል ጀመረ። ኮንትራክተሩ «ፀሐይ እየመጠጠችው ነው» ስላለ፣ ዘበኛው በጎማ እየሞላ ሰነበተ። ውሃው ግን የሚሄደው ወደ ታች፣ ወደ እናቴ ቤት ሥር ነበር።

አንድ እሑድ ልጠይቃት ስሄድ በሯን ገርበብ አድርጋ በድንጋይ አስደግፋዋለች።

«ምነው እማዬ?»

«አልዘጋ አለኝ። አናጢ ጠርቼ ከታች አስላግሁት፤ መልሶ ነከሰ።»

«ታዲያ እንዲህ ነው የምታድሪው? ሌባ ቢገባስ?»

«ምኔን ይወስዳል?»

ምንጣፉን ገለጥኩት። ወለሉ መሐል ላይ ተነፍቷል። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ እስከ ጣሪያ የወጣውን ስንጥቅ በቀን መቁጠሪያ ሸፍናዋለች። ለወንድሜ እንዳልነግረው ለመነችኝ። ትቻት ፎቅ ወጣሁ።

«ገንዳውን ዛሬውኑ አድርቀው» አልኩት።

«የጭቃ ቤት ናት፤ ዱሮም መውደቋ አይቀርም ነበር።»

«አንተ ተወልደህ ያደግክባት ናት! እስከዛሬ ምነው ሳትወድቅ?»

«ቀንተሽ ነው» አለኝ፤ ሚስቱና ልጆቹ እየሰሙ። «ከመጀመሪያውም ዓይንሽ አላማረኝም።»

ክረምት ሲገባ፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለች፣ በጃኩዚው በኩል ያለው ግድግዳ ከነመስኮቱ ወረደ። አልጋዋ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። ወንድሜ ፎቁ ላይ ጥሩ ክፍል ሰጣት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ደረጃው ለጉልበቷ አልሆነም፤ ወደ ታች የምትወርደው ለቅዳሴ ብቻ ሆነ። ጎረቤቶቿም ዘበኛው «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» ሲላቸው እያፈሩ ቀሩ። በየቀኑ ሰው የሚገባባት ሴት፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ማዶ ማዶ የምታይ ሆነች። ወደኔ እንድትመጣ ብለምናትም፣ «ልጄን ሰው ፊት አላዋርደውም» አለችኝ። ከዚያ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የወጣችው በሬሳ ሣጥን ነው።

ገንዳው እሱም አልቆየም፤ ወለሉ ለሁለት ተከፈለ። ወንድሜ አፈር አስሞልቶ ታዛ ሠራበት።

በለቅሶው ድንኳን፣ ከገጠር የመጣች አክስታችን ጉንጬን ስማኝ፣ «አንቺ መሐንዲስ አይደለሽም እንዴ? የእናትሽ ቤት ሲፈርስ ምነው ዝም ብለሽ አየሽ?» አለችኝ። ወንድሜ አጠገባችን ተቀምጧል። አንድ ቃል ይናገር እንደሆነ ብዬ ዞሬ አየሁት። አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

«ዝም አላልኩም» አልኳት። አክስቴ ግን ቀጥሎ የተቀመጠውን ሰው ለመሳም አልፋኝ ሄዳለች።