መብረቅ የሚጠራ መስታወት

ጎሮ፣ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሜ በስልኬ መብረቅ ፎቶ ላነሳ እታገል ነበር። ገና ከሰዓት ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሯል። ብልጭ ሲል እጫናለሁ፤ ስጫን ጠፍቷል። ሰላሳ ጊዜ ባዶ ደመና አነሳሁ። ንድድ አልኩ።

እናቴ ሳሎን ውስጥ ትሯሯጣለች። ቴሌቪዥኑን ነቀለች፣ ፍሪጁን ነቀለች፣ መስታወት መብረቅ ይጠራል ብላ ከበረንዳው ትይዩ ያለውን ትልቁን መስታወት በነጠላዋ ሸፈነችው። በየደቂቃው «ግቢ! ስልክሽን አጥፊ!» ትለኛለች። ሦስቴ ሳልዞር ስልኬን ወደ ደመናው ደገንኩ። በአራተኛው «እማዬ፣ በቃ ተይኝ!» ብዬ እየጮህኩ ዞርኩ። ያኔ ሰማዩ ተሰነጠቀ፤ ደንግጬ ሳላስበው ተጫንኩት።

ዝናቡ ሲያባራ ፎቶዎቹን አየሁ። መጨረሻው ላይ ያለችው እናቴ ናት። መብረቅ ሲኖር በረንዳ ላይ ዝር የማትለው ሴትዮ አንድ እግሯን አውጥታ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ እኔን ልትሸፍን ትመጣለች። ከኋላዋ መስታወቱ ራቁቱን ቀርቷል። ስፈልገው የዋልኩት መብረቅ መስታወቱ ውስጥ ነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ።

ፎቶውን አሳየኋት። ራሷን አላየችም።

«ይኸው!» አለችኝ። «መስታወት ይጠራል አላልኩሽም?»